በጽሑፍ መልሱልን

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደመወዝ የማይከፈልበት፣ ማንንም ማዘዝ የማይቻልበት፣ ግን በሕዝብ ድምፅ ካልሆነ የማይገኝ አንድ ሥራ አለ። የሰፈር አማካሪ ኮሚሽነርነት ነው፤ ኮሚሽኑን በአጭሩ ኤኤንሲ ይሉታል። እኔ ሥራውን የጀመርኩት በጥር 2007 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ)። ያኔ ታክሲ ነጂ ነበርኩ። ስብሰባው በወር አንዴ፣ ማታ፣ ልክ ሥራ በሚሞቅበት ሰዓት ስለሚደረግ የዚያን ምሽት ገበያ መተው ግድ ነበር። ጓደኞቼ ሁሉ መጀመሪያ የጠየቁኝም ይህንኑ ነው። «ታዲያ ምን ልታገኝ ነው?» አሉኝ። ያኔ የረባ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ።

አንድ ኮሚሽነር የሚወክለው ሁለት ሺህ ያህል ነዋሪ ነው፤ በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የሚዞሩት ሰፈር ማለት ነው። ለመወዳደር ከዚያው ክልል የ25 የተመዘገቡ መራጮች ፊርማ ይበቃል። የፓርቲ ነገር የለበትም፤ የሥራ ዘመኑም ሁለት ዓመት ነው። ዲሲን ለመቶ ዓመት ያህል ያስተዳደራት ኮንግረሱ ነበር። ከንቲባዋንና ምክር ቤቷን ራሷ እንድትመርጥ የሚፈቅደውን ሕግ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት በታኅሣሥ 1973 ነው። በማግስቱ ዓመት ሕዝቡ ያንን በድምፁ ሲያጸድቅ የሰፈር ኮሚሽኖችም ይቋቋሙ ብሎ አብሮ ድምፅ ሰጠ፤ የመጀመሪያዎቹ ኮሚሽነሮች በ1976 ተመረጡ። በመሀሉ፣ በ1975፣ የከተማው ምክር ቤት ኮሚሽኖቹን የሚያቋቁም ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰበትን አዋጅ ቁጥር 47 አወጀ፤ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ቀበሌ የተወለደው በዚያ አዋጅ ነው። ሁለቱ ነገሮች የአንድ ዓመት ልጆች መሆናቸውን ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ካወቅኩ ወዲህ ግን ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም።

ምክንያቱም እኔ ያደግኩት በቀበሌ ስብሰባ ነው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሲባል ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ስለ ሰፈሩ የሚመክርበት መሆን ነበረበት። የኛ ትውልድ የሚያውቀው ስብሰባ ግን ስም የሚጠራበት፣ መፈክር የሚባልበት፣ ያለቀ ውሳኔ ተነቦ የሚጨበጨብበት ነው። የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሲወስድ ዓይን ይበዛበታል። ከፊት ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ይጽፋል፤ ምን እንደሚጽፍ፣ የጻፈውም የት እንደሚሄድ የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ ወደ ስብሰባ ስትልከኝ «የተባለውን ስማ፤ ሰው እጁን ሲያወጣ አውጣ። ስምህ ግን ከአፍህ ከወጣ ነገር ጋር አብሮ እንዳይጻፍ» ትለኝ ነበር። ይህን ምክር ሻንጣ ውስጥ ሳልከት ይዤው አሜሪካ ገባሁ። አገር ከለወጥኩ ከብዙ ዓመት በኋላም ፎርም ላይ ስሜን ስጽፍ እጄ ትንሽ ይከብደኝ ነበር።

ለወንበሩ ያጨችኝ ከእኔ በፊት በቦታው የነበረች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ። ሻው በሚባለው ሰፈር፣ ከእኔ ሁለት በር አልፎ ትኖር ነበር። ማታ ማታ በረንዳዋ ደረጃ ላይ ስትቀመጥ ቆሜ ሰላም እላታለሁ፤ ሰላምታው ሲያልቅ ስለ ፓርኪንግ፣ ስለ አይጥ፣ ስለ ጠፋ መብራት አማርራለሁ። አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «አንተ የምትናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የምትናገረው በረንዳዬ ላይ ነው። እዚህ ማንም አይመዘግብልህም» አለችኝ። እናቴ ስትሸሸው የኖረችውን ነገር እሷ እንደ መብት ትቆጥረዋለች።

ፊርማውን ያሰባሰብኩት በ2006 ክረምት ነው። በር በር እያንኳኳ በመቀስቀስ ስሙ የተነሣው አድሪያን ፌንቲ ለከንቲባነት የሚወዳደርበት ወቅት ስለነበር ሰው በሩ መንኳኳቱን ለምዶታል። የሐበሻ በር ግን ሌላ ነው። ይከፈታል፣ «ግባ፣ ቁጭ በል» ይባላል፣ ቡና ይቀርባል፣ ፊርማ ሲነሣ ፊት ይለወጣል። አንድ አባት ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ሁሉ አዩና «ልጄ፣ አንተን አላጣሁህም፤ ይህ ወረቀት ነገ በማን እጅ ይገባል?» አሉኝ። ለምርጫ ቦርዱ እንደሚገባ፣ ማንም ጠይቆ ሊያየው እንደሚችል ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡ፣ መነጽራቸውን አስመጡና ፈረሙ። ፊርማቸው ረጅም ነበር፤ የአባታቸውን ስም ጨምረው በአማርኛ ነው የጻፉት። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ልድገምልዎት ብላቸው «ራሴ እጽፈዋለሁ» ብለው ቀስ እያሉ ጻፉት።

ከተመረጥኩ በኋላ አሮጊቷ አስተማሪ ለሥልጠና የሰጠችኝ አንድ ሐሳብ ብቻ ነው። ኮሚሽኑ ማዘዝ አይችልም፤ ሕጉ የሚሰጠው ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ። ምልዓተ ጉባኤ በተሟላበት ግልጽ ስብሰባ ድምፅ ተሰጥቶበት በጽሑፍ የተላከ ምክር ከሆነ፣ የከተማው መሥሪያ ቤት ከፍ ያለ ክብደት እንዲሰጠው ግዴታ አለበት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አከራክሮ በ1977 የዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት ዘንድ ደርሶ ነበር፤ ጉዳዩም የመጠጥ ፈቃድ ነው። ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱ በኮሚሽኑ ሐሳብ መስማማት አለበት አላለም። ኮሚሽኑ ያነሣውን እያንዳንዱን ነጥብ ግን በስሙ ጠቅሶ፣ የተቀበለውን ለምን እንደተቀበለ፣ ያልተቀበለውን ለምን እንዳልተቀበለ በጽሑፍ መመለስ አለበት አለ። «ስለዚህ ነጥብ የሌለው ደብዳቤ አትጻፍ» አለችኝ። «ነጥብ ከሌለው የሚመለስ ነገር የለውም።»

ይህ በደንብ የገባኝ ባንድ ዜብራ ላይ ነው።

ከሰፈራችን ዳር የአረጋውያን አፓርትማ አለ። ልጆቻቸው ያመጧቸው ብዙ የኛ እናቶች ይኖሩበታል። እሑድ ጎሕ ሳይቀድ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራ የያዙት ከዘራቸውን ይዘው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳቸው መኪና ወደሚቆምበት ወገን ይሻገራሉ። አንዲት እማማ መንገድ ላይ አስቆሙኝና «ልጄ፣ አንተ የመንግሥት ሰው ሆነሃል አሉ» አሉኝ።

«መንግሥት እንኳ አይደለሁም እማማ። መካሪ ነኝ።»

«ከሆንክ ይህንን መብራት ምከርልኝ። መሀል መንገድ ስደርስ ቀዩ እጅ ይመጣል። ባለመኪናው አይገጨኝም፤ ያንባርቅብኛል እንጂ። እኔ ደግሞ ስደነግጥ ጉልበቴ ይያዛል።»

የሕንፃው ነዋሪዎች ከዚያ በፊት ስለዚሁ መብራት ለሚመለከተው ክፍል አመልክተው ነበር። ማቋረጫው ያሰጋናል፣ አንድ ነገር ይደረግልን የሚል ነበር ደብዳቤው። የመጣላቸው መልስ ለአስተያየታችሁ እናመሰግናለን የሚል ብቻ ነው። ደብዳቤያቸውን ሳነበው አንድም ውሸት የለበትም። ግን የሚጨበጥ ነገር የለውም፤ የላኩለት ሰው አዎም አይደለምም ሊልበት የሚችል ነገር አልያዘም።

በማግስቱ በጠዋት ሜትር ይዤ ወጣሁ። የመንገዱ ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 60 ጫማ፣ 18 ሜትር ያህል ሆነ። የሚራመደው ነጭ ሰው የሚበራው ለ7 ሰከንድ ነው። ከዚያ ቀዩ እጅ ብልጭ ድርግም እያለ ከ15 ጀምሮ ይቆጥራል። በድምሩ 22 ሰከንድ። እማማን እንደ ወትሮዎ ይሻገሩልኝ ብዬ ከጎናቸው ሆኜ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ከዘራቸውን ቀድመው ይተክላሉ፣ ግራ እግራቸውን ይስባሉ፣ ቆም ይላሉ፣ ቀኙን ያስከትላሉ። መሀል ላይ አስፋልቱ በጎማ ብዛት ተቦርቡሮ ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ከዘራው እንዳይሰምጥ ወደ ጎን ይዞራሉ። 26 ሰከንድ ፈጀባቸው። የጎደለው አራት ሰከንድ ነው።

ቀጥዬ 15ቱ ሰከንድ ከየት እንደመጣ ጠየቅኩ። ሚስጥር አይደለም፤ ያኔ የአሜሪካ መሐንዲሶች የሚሠሩበት መመሪያ እግረኛ በሰከንድ 4 ጫማ ይራመዳል ብሎ ያሰላ ነበር። 60 ለ4 ሲካፈል 15። (በ2009 በወጣው መመሪያ ወደ 3 ተኩል ወርዷል።) እኛ የጻፍነው እንዲህ ነው፦ የዚህ ማቋረጫ ተሻጋሪ በብዛት አረጋዊ ነው፤ ስሌቱ በሰከንድ 3 ጫማ ይሁን፤ 60 ለ3 ሲካፈል 20 ይሆናል፤ ከ7ቱ ጋር 27 ሰከንድ። ሁለተኛ፣ የተቦረቦረው አስፋልት ይጠገን። ሦስተኛ፣ መሀል መንገድ ላይ ማረፊያ ደሴት ይሠራ። ኮሚሽኑ ድምፅ ሰጠ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ፤ ደብዳቤው ሄደ።

መልሱ ወራት ፈጅቶ መጣ፤ ሦስት አንቀጽ ነበረው። አንደኛው ተቀብለናል ይላል። ሁለተኛው ለጥገና ክፍል መርተነዋል ይላል። ሦስተኛው አልተቀበልነውም፤ ደሴቱ ከገባ የሚቀረው የመኪና መስመር ስፋት አይበቃም ይላል፤ ልኬቱንም አስቀምጧል። ሦስተኛውን አንቀጽ ደጋግሜ ያነበብኩት ያህል የመጀመሪያውን አላነበብኩትም። በሕይወቴ መንግሥት የሚባል ነገር አይሆንም ሲለኝ ምክንያቱን በቁጥር አስልቶ፣ ፈርሞ፣ ወደ ቤቴ ሲልክልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ደብዳቤውን ለእማማ በአማርኛ አነበብኩላቸው። «እና እንዲህ ብለው ጻፉልህ? ለእኔ ከዘራ?» አሉ። ቀጥለው «ቅጂ አድርግልኝ፤ ለልጄ አሳየዋለሁ» አሉኝ።

ብዙው ሥራ እንዲህ አልነበረም። የአይጥ ጉዳይ በየስብሰባው ይነሣል፣ በየስብሰባው ይዘገያል። ፓርኪንግ የማያጣላው ጎረቤት የለም። በ2008 ታክሲ ከዞን ዋጋ ወደ ሜትር ሲዞር የሙያ ጓደኞቼ ከየሰፈሩ እየደወሉ እንድጮህላቸው ጠየቁኝ፤ ጉዳዩ የሰፈር ኮሚሽን ጉዳይ አልነበረምና አንጀቴ እያረረ እንደ ማንኛውም ሾፌር ቆሜ ተናገርኩ እንጂ እንደ ኮሚሽነር አልጻፍኩም። ይህም ከሥራው ያገኘሁት ትምህርት ነው፤ ያልተሰጠኝን ወንበር ከወሰድኩ የተሰጠኝ ይቀልብኛል።

ከሁሉ የከበደኝ የናይንዝ ስትሪቱ ምግብ ቤት ነው።

ከዩ ስትሪት ወረድ ብሎ ያለው ናይንዝ ስትሪት በዚያ ዘመን የሐበሻ ምግብ ቤት፣ የሐበሻ ሙዚቃ፣ የሐበሻ ገበያ ነበር። ከጥር 2007 ጀምሮ በዲሲ ቡና ቤትና መጠጥ ቤት ውስጥ ማጨስ ተከለከለ። ሕጉ ለሠራተኞች ጤና የወጣ ነው፤ ጥሩ ሕግም ነው። ግን አጫሹ የትም አልሄደም፤ በር ላይ ወጣ። በአዘቦት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ እስከ 9 ሰዓት መጠጥ ስለሚሸጥ፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ በአማርኛ ይሳቃል፣ ይከራከራል፣ ይዘፈናል። ከበላዩ ደግሞ የሰው መኝታ ቤት አለ።

የአንዲት ሴት ምግብ ቤት የመጠጥ ፈቃድ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ። በሕጉ መሠረት ማስታወቂያ መስኮቷ ላይ ተለጠፈ፤ የተቃወመ ይምጣ የሚል። ከጀርባዋ የሚኖሩ ጎረቤቶች መጡ። ግንባር ቀደሟ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆኑ አንዲት አሮጊት ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ጠርሙስ ሌሊት ኋላ ጓሮ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ሲገለበጥ እንደሚነቁ፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ተናገሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ባለቤቷ ከልጇ ጋር መጥታ ነበር፤ ከተባለው ውስጥ የገባት ፈቃዷን ሊነጥቋት መሆኑ ብቻ ነው። ከዲሲ የ2004 የቋንቋ ሕግ ወዲህ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም እንዲያገለግሉ ይገደዳሉ፤ እኛ ጉባኤ ውስጥ ግን ያን ማታ አስተርጓሚው እኔው ነበርኩ።

የኔው ሰዎች በማግስቱ ናይንዝ ላይ ያዙኝ። «ያንተ ሰው ናት፤ እንዴት ዝም አልክ?» አሉኝ። ከጉባኤው ደግሞ አንድ ሰው አንተማ ለማን ድምፅ እንደምትሰጥ ይታወቃል ብሎኛል። ያ ጥርጣሬ እንዲያው የመጣ አልነበረም። በ2005 አካባቢ ይህ መንገድ ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ ይሰየም የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ብዙ ነባር ጥቁር ነዋሪዎች አዝነውበታል። ሰፈሩ የጃዝ ሙዚቀኛው የዱክ ኤሊንግተን ሰፈር ነው፤ በ1910 የተከፈተው ሃዋርድ ቲያትርና በ1922 የተከፈተው ሊንከን ቲያትር ያሉበት። በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ ተቃጥሏል፤ ቀጥሎ ለምድር ባቡር ተብሎ ዓመታት ተቆፍሯል፤ የዩ ስትሪት ጣቢያ እስኪከፈት 1991 ደርሷል። ያ ሁሉ ሲሆን የቆዩት እነሱ ናቸው። እኛ የመጣነው ኪራይ ከረከሰ በኋላ ነው። ስማቸው ሳይጻፍ የኛ ይጻፍ ማለት ከባድ ነው። ስያሜው መቅረቱ ትክክል ነበር ብዬ ያኔም አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ። ይህን በመናገሬ የተቀየሙኝ ወገኖቼ አሉ።

አንድ ሰኞ ከሰዓት፣ ምግብ ቤቱ ጭር ባለበት፣ ሁለቱን ሴቶች አገናኘኋቸው። ባለቤቷ ቡና አፈላች። መጀመሪያ ማንም ስለ ጠርሙስ አላነሣም። አሮጊቷ ግድግዳው ላይ ያለውን የአፄ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አዩና ማን እንደሆኑ እንደሚያውቁ ነገሩን። እኔም ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ ሄዶ ከእኚሁ ንጉሥ እጅ ኒሻን እንደተሸለመ፣ የኛው ሙላቱ አስታጥቄም ያኔ አብሮት እንደነበረ አጫወትኳቸው። «ኤሊንግተን? የኛው?» አሉ፤ ሲኒያቸውን አስቀምጠው እጃቸውን አጋጠሙ። ባለቤቷም ታሪኩን ገና መስማቷ ስለነበር በአማርኛ ድገምልኝ አለች። ከዚያ ወደ ጠርሙሱ ስንመለስ ነገሩ ቀለለ።

የስምምነቱ ረቂቅ አንድ ገጽ ነበር። ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ጠርሙስ አይገለበጥም። አጫሾች ከመኝታ ቤቱ መስኮት ርቆ ከሚገኘው ጥግ ይቆማሉ። ዓርብና ቅዳሜ በር ላይ የሚቆም ሠራተኛ ይኖራል። የሥራ አስኪያጁ የእጅ ስልክ ለጎረቤቶቹ ይሰጣል። ባለቤቷ እስክሪብቶውን ይዛ ቆመች። «ወንድሜ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ቃሌ አይበቃም? ፈርሜ ነገ ማስረጃ ይሁንብኝ?» አለችኝ። የእናቴን ድምፅ ነው የሰማሁት። አንድ በአንድ በአማርኛ አነበብኩላትና እንዲህ አልኳት፦ ይህ ወረቀት የመጠጥ ፈቃድ የሚሰጠው ቦርድ ካጸደቀው የፈቃድሽ አካል ይሆናል፤ ከጣስሽ ይጠይቁሻል። እነሱም ግን ከዚህ ወረቀት ውጭ የሆነ ነገር አምጥተው ሊያስጨንቁሽ አይችሉም። ነገ እኔ ብሄድ፣ እሳቸው ቤታቸውን ቢሸጡ፣ አዲስ ጎረቤት ቢመጣ የሚቆምልሽ ይኸው ነው። ልጇን አየችው። ፈረመች። አሮጊቷ ለቅጂው አጣጥፈው የሚይዙበት ፖስታ ጠየቁ።

ሁለት የሥራ ዘመን አገልግዬ በ2010 መጨረሻ ወጣሁ። ኪራዩም በኋላ አስወጣኝ፤ እንደ ብዙው ወገናችን ወደ ሜሪላንድ ተሻግሬያለሁ። ከ2020ው ሕዝብ ቆጠራ በኋላ ክልሎቹ እንደገና ሲከለሉ የኮሚሽነሮቹ ወንበር 345 ደርሷል። በየምርጫው ተወዳዳሪ አጥቶ ባዶ የሚቀር ወንበር አለ፤ ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ያመኛል።

አንዷን ወንበር አሁን የያዘችው የኛ ልጅ ናት፤ ነርስ፣ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛዋ የእናቷ አማርኛ። ፊርማ ስታሰባስብ አብሬያት በር አንኳኩቻለሁ። ባለፈው ወር ደውላ ከምትኖርበት ሕንፃ ጀርባ ያለው ጓሮ መንገድ መብራቱ ጠፍቶ ሰዎች እንደሚሠጉ ነገረችኝ።

«ስንት ምሰሶ ነው?» አልኳት።

«እኔ እንጃ ጋሼ፤ ጨለማ ነው ብል አይበቃም?»

«አይበቃም። እያንዳንዱ ምሰሶ ላይ ቁጥር ተለጥፏል። የጠፋውን ብቻ ለይተሽ በየቁጥሩ ጻፊ፤ መልሱም በየቁጥሩ እንዲመጣ።»

ያን ማታ ከሥራ ወጥታ ባትሪ ይዛ ሄዳለች። ሰባት ምሰሶ ቆጠረች፤ የጠፉት አራት ናቸው፤ የአንደኛው ቁጥር ተፍቋል፤ እሱን ከየትኛው በር ፊት ለፊት እንደቆመ ጽፋ አስቀመጠች። ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳው ላይ ሁለተኛ ተይዟል።